የአባ መብረቅ ቤተሰብ ታግቷል፤ ታዲያ አንባቢው ለምን አይጨነቅም?

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ጅማ ነው ያለሁት። ቀን ቡና መጋዘን ውስጥ ሒሳብ እሠራለሁ፣ ማታ የጠፈር ልቦለድ እጽፋለሁ። ዋናው ገጸ ባሕሪዬ አባ መብረቅ የሚባል የኮንትሮባንድ አለቃ ነው፤ የሳተርን ጨረቃ ታይታን ላይ ተቀምጦ ግማሽ ሥርዓተ ፀሐይ ያዝዛል። ሚስቱ፣ እናቱና ሁለት ልጆቹ ለሰርግ ወደ ጁፒተር ጨረቃ ጋኒሜድ ሲሄዱ ከነመርከባቸው ይታገታሉ። አጋቾቹ በሆሎግራም ይደውላሉ፣ ይዝቱበታል፣ ይዝትባቸዋል፤ ከዚያ መርከቡን አስነስቶ ሄዶ በተኩስ ያስለቅቃቸዋል። ፈረንጅ አራዳ የምንገናኝ የንባብ ጓደኞቼ አርባውን ገጽ አንብበው ‹ጥሩ ነው፣ ግን አላስጨነቀንም› አሉኝ። ሕፃናት ታግተው እንዴት አያስጨንቅም? ምን ላድርግ?»

ምዕራፉን ሁለቴ አነበብኩት። ጓደኞችሽ አልዋሹሽም።

መጀመሪያ ግን የወደድኩትን ልናገር፤ ስሙን። አባ ጅፋር የፈረስ ስም እንደሆነ፣ ጅፋር ፈረሱ እንደሆነ የጅማ ልጅ ሳይነገረው ያውቃል። አንቺ ፈረሱን በመርከብ ተካሽው፣ መርከቡን መብረቅ አልሽው፣ ሰውየው በራሱ ጊዜ አባ መብረቅ ሆነ። ማብራሪያ ሳትጨምሪ ማለፍሽን አብልጬ ወደድኩት። ሌላ ጸሐፊ ቢሆን ሁለት ገጽ ያስተምረን ነበር።

አሁን ወደ ሕመሙ። ሆሎግራሙን አውጪው። አለቃው ታይታን ሆኖ፣ ጋኒሜድ ላይ ካሉ አጋቾች ጋር ፊት ለፊት እንደ ተቀመጠ ሰው ቃል በቃል ይመላለሳል። ብርሃን ግን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚሄደው፤ ከእሱ የሚፈጥን መልእክት ደግሞ የለም። ከመሬት እስከ ጨረቃ 1.3 ሰከንድ ይበቃዋል። ከመሬት እስከ ማርስ፣ እንደ ፕላኔቶቹ አቀማመጥ፣ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጅበታል። ጁፒተርና ሳተርን እጅግ ሲቀራረቡ እንኳ በመካከላቸው 36 ደቂቃ ያህል አለ፤ በፀሐይ ግራና ቀኝ ሲቆሙ ሁለት ሰዓት ይደርሳል። የሚቀራረቡት በ20 ዓመት አንዴ ስለሆነ ታሪክሽ በሚፈጀው ጥቂት ሳምንት ውስጥ ርቀቱ ይህን ያህል አይለዋወጥም። አንድ ቁጥር ምረጪና እስከ መጨረሻው አትልቀቂው። እኔ 50 ደቂቃ ብዬ ልቀጥል።

«ስፔስ ኦፔራ እኮ ነው፤ ሕግ ይጣሳል» ትይኝ ይሆናል። ልክ ነሽ። ስሙ ራሱ በ1941 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ርካሽ የጠፈር ታሪኮችን ለመስደብ የወጣ ነው፤ በኋላ ነው ጸሐፊዎቹ ስድቡን ካባ አድርገው የለበሱት። ሞተርሽን እንደፈለግሽ አፍጥኚው፤ ማንም አይጠይቅሽም። ካሲኒ የተባለችው መንኮራኩር ጁፒተርን በ2000 መጨረሻ አልፋ ሳተርን የደረሰችው በ2004 አጋማሽ ነው፤ ያንቺ መብረቅ በዘጠኝ ቀን ይድረስ፣ እኔ ዝም እላለሁ። መዘግየቱን ግን አትንኪው። ይህን የምልሽ ፊዚክስ ስለሚያስቀጣሽ አይደለም። የጎደለሽ ጭንቀት ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

አባ መብረቅ «ልጄን አሳዩኝ» ሲል ቃሉ 50 ደቂቃ ይሄዳል፣ መልሱ 50 ደቂቃ ይመለሳል። በዚህ 100 ደቂቃ ውስጥ ሰውየው ምን ያደርጋል? ቁጭ ይላል። ይነሳል። የቀረበለትን ምግብ ይመልሳል። አጠገቡ ያሉት ሰዎች ፊቱን ያነባሉ። አርባው ገጽሽ ውስጥ አንዲት ደቂቃ እንኳ የሚጠብቅ ሰው የለም፤ ሰው የሚጨነቀው ደግሞ ሲጠብቅ ነው። ተኩስ ሲጀመርማ ጭንቀቱ አብቅቷል።

መልሱ ሲመጣ የሚያያት ልጅ የ50 ደቂቃ በፊቷ ልጅ ናት። «አለች» ማለት አይችልም፤ ማለት የሚችለው «ነበረች» ነው። አማርኛችን ይህን ልዩነት በአንድ ግስ ያሳያል፤ ተጠቀሚበት። አንዱ ታማኙ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናቸው ጌታዬ» ሲለው፣ አባ መብረቅ «ነበሩ» ብሎ ያርመው። ከዚህ የበለጠ ማስረዳት አያስፈልግሽም።

ሌላም አለ። አጋችሽ «ግማሽ ሰዓት ሰጥተንሃል» ይላል። ይህ ማስፈራሪያ ታይታን ሲደርስ ግማሽ ሰዓቱ ካለፈ 20 ደቂቃ ሆኖታል። እንዳለ ከተውሽው ስህተት ነው፤ ሆን ብለሽ ካደረግሽው ግን የምዕራፉ አስፈሪ ዓረፍተ ነገር ይሆናል። ከምልልሱ ያጠረ ቀጠሮ የሚሰጥ አጋች እየተደራደረ አይደለም፤ መርዶ እያረዳ ነው። አባ መብረቅ ይህን የሚገነዘብበትን ቅጽበት ጻፊ። ሰዓቱን ያያል፣ ይቀንሳል፣ ዝም ይላል።

ርቀት እገታን ምን እንደሚያደርገው ለማየት ጠፈር ድረስ መሄድም አያሻም፤ መቅደላ ይበቃል። በ1865 ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ የወሎዋ ገዥ ወርቂት ዘንድ ደረሰ። የወርቂት ልጅ ግን እዚያው መቅደላ ላይ በአፄ ቴዎድሮስ እጅ መያዣ ነበር። አስቢው፤ የንጉሡ እስረኛ በእሷ እጅ፣ የእሷ ልጅ በንጉሡ እጅ። ለልውውጥ እንዲህ የተመቸ ነገር አይገኝም። ቴዎድሮስ ከአምባው ጫፍ በመነጽር አሻግረው ምኒልክ ወደ ወርቂት ሰፈር ሲገባ አዩ ይባላል። ማየት ቻሉ፣ መጠየቅ አልቻሉም። ምን እንዳሰበች ሳይሰሙ፣ በቁጣ ልጇን ከሌሎች የወሎ ታጋቾች ጋር አስገደሉ። ከዚያ ወዲያ ወርቂት ምኒልክን የምትመልስበት ምን ምክንያት ቀራት? ወደ ሸዋ ሸኘችው፤ እሱም የአባቱን አልጋ ያዘ። ምስሉ ደርሶ ቃሉ ሳይደርስ የሚፈጸም ጥፋት ማለት ይህ ነው፤ ያንቺም ታይታን ከመቅደላ ጫፍ ጋር አንድ ነው።

እግረ መንገዴን፦ «መያዣ» የሚለውን ቃል አስቢበት። ዛሬ ለብድር የሚያዝ ቤት ወይም መኪና የሚጠራበት ቃል ነው። «ታጋች» ዜና ዜና ይላል፤ አጋቾችሽ ነጋዴዎች ስለሆኑ «አራት መያዣ ይዘናል» ቢሉ ይበልጥ ያስፈራሉ።

ቀጥሎ፣ አለቃሽ ገና በመጀመሪያው ጥሪ «የጠየቃችሁትን ሁሉ እሰጣለሁ» ይላል። ፍቅሩን ለማሳየት እንደሆነ ይገባኛል። አንቺ ግን ቡና መጋዘን ነው የምትውዪው፤ በመጀመሪያ ዋጋ እሺ ያለ ገዢ ሻጩን ምን እንደሚያደርገው ታውቂያለሽ። ያ ሻጭ በደስታ አያድርም፤ «አርክሼ ሸጥኩ» እያለ ሲገላበጥ ነው የሚያድረው። አጋችም እንዲሁ ነው፤ ፈጥኖ ለከፈለው ሰው ሁለተኛ ዋጋ ያመጣል። በ1973 የነዳጅ ቱጃሩ ጌቲ የ16 ዓመት የልጅ ልጅ ሮም ላይ ሲታገት ሽማግሌው አልከፍልም አለ። ሌሎች 14 የልጅ ልጆች ነበሩት፤ ለአንዱ ብከፍል አሥራ አራቱም ይታገታሉ የሚል ነበር ስሌቱ። አጋቾቹ የልጁን ጆሮ ቆርጠው በፖስታ ላኩ። የጣሊያን ፖስታ ሠራተኞች አድማ ላይ ስለነበሩ ጆሮው ሦስት ሳምንት ያህል መንገድ ላይ ከረመ። እንግዲህ ያንን ሦስት ሳምንት አስቢው፦ አጋቾቹ «ጆሮ ልከን እንኳ ዝም አሉን» ይላሉ፤ ቤተሰቡ መላኩንም አያውቅም። በመጨረሻ 17 ሚሊዮን ዶላር የተጠየቀበት ወደ 3 ሚሊዮን ወርዶ ተከፈለ፤ አያትየው ከፊሉን ለገዛ ልጁ ያበደረው በ4 በመቶ ወለድ ነው። የሒሳብ ሰው ስለሆንሽ ይህችን የመጨረሻዋን ለብቻሽ አጣጥሚያት።

የጌቲ ስሌት ጭካኔ ይመስላል፤ ለወንጀለኛ አለቃ ግን የዕለት እንጀራው ነው። አባ መብረቅ ለአጋቾቹ ሲመልስ፣ የሚሰማው አጋቹ ብቻ አይደለም። ታይታን ላይ ከጀርባው የቆሙት ሰዎቹ፣ ማርስ ላይ ያሉት ተቀናቃኞቹ፣ ዕዳ ያለባቸው ሁሉ ይሰማሉ። ፖሊስ ጋ መሄድ አይችልም፤ ባንክ ሄዶ ልበደር ቢል በየት በኩል? የቀረው ስሙ ብቻ ነው፤ አሁን ደግሞ ስሙን ወይም ልጆቹን እንዲመርጥ ተጠይቋል። ምክትሉን ምዕራፉ ውስጥ አንዴ ብቻ ነው ያየሁት፣ ያውም ሻይ ሲያቀርብ። ልጆቹ ቢሞቱ ወራሹ ማን ነው? በዚያ 100 ደቂቃ ውስጥ ምክትሉ የት ነበር? ከነሻዩ መልሺልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የ50 ደቂቃ ርቀት ያለበት ሰው ራሱ ሊደራደር አይችልም። ድርድር ማለት የሰውን ትንፋሽ መስማት፣ ሲቆጣ ዝም ማለት፣ ሲደክመው ጠጋ ማለት ነው፤ ይህ በደብዳቤ አይሆንም። ስለዚህ አጋቾቹ አጠገብ ሆኖ በእሱ ስም የሚናገር ሰው ያስፈልገዋል። ለዚህ አማርኛ ከማንም የተሻለ ቃል አለው፦ እንደራሴ። እንደ ራሱ ሆኖ የሚቆምለት። ሁሉን በገዛ እጁ ሲያደርግ የኖረ፣ ማንንም የማያምን ሰው፣ በሕይወቱ ክፉ ቀን አፉን ለሌላ ሰው ማበደር አለበት። ልቦለድሽ እዚህ ጋ ነው ያለው።

አባቴ ቡና አቅራቢ ነበር። ምርት ገበያው ከመምጣቱ በፊት ቡናውን ጭኖ 350 ኪሎ ሜትር ወደ አዲስ አበባ ጨረታ ይልካል። ስልክ ቢኖርም መስመር እስኪገኝ ዋጋው ሌላ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ እዚያ ሰው ነበረው፤ «ከዚህ በታች እንዳትሸጥ» ይለዋል፤ የተረፈው በሰውየው ፍርድ ነው። መኪናው ከወጣ በኋላ አባቴ እራት አይቀምስም ነበር። ልጅ ሆኜ መንገዱን የሚፈራ ይመስለኝ ነበር፤ ካደግኩ በኋላ ደግሞ የዋጋ መውደቅ። ሲያረጅ ጠየቅኩት። «ሰውየውን ነበር» አለኝ።

ለአባ መብረቅ ሰውየው ማን ይሁን? አንቺው ጽፈሽዋል፣ ግን አላስተዋልሽውም። ሰርጉ የማን ነው? በአንድ መስመር «የሚስቱ ወንድም ልጁን ይድራል፤ ከአባ መብረቅ ጋር በጭነት ድርሻ ተኳርፈው ስድስት ዓመት አልተነጋገሩም» ብለሽ አልፈሽዋል። ሰውየው ጋኒሜድ ላይ ነው። ለአጋቾቹ የሚዘገይ ድምፅ የለውም። እህቱን ይወዳል፣ አማቹን ይጠላል። እና ደግሞ፣ የጉዞውን ቀን የሚያውቅ እሱ ስለሆነ፣ ለአጋቾቹ የሸጣቸው እሱ ሊሆንም ይችላል። ከዚህ የተሻለ እንደራሴ ከየት ይመጣል? አለቃው የመጀመሪያውን መልእክት ለአጋቾቹ አይላክ፤ ለአማቹ ይላክ። ከስድስት ዓመት ኩርፊያ በኋላ የሚላከው ቃል ምንድን ነው? ይቅርታ ነው? ትእዛዝ ነው? መልሱ እስኪመጣ ደግሞ ያው 100 ደቂቃ።

ሁለተኛው የባከነ ሀብትሽ እናትየዋ ናት። አርባ ገጽ ሙሉ ታለቅሳለች፣ ትጸልያለች። አያ! አባ ጅፋር ለምኒልክ ገብሮ አገሩን እንዲያተርፍ የመከረችው እናቱ ጉሚቲ ናት ይባላል፤ የጅማ ልጅ ሆነሽ የአለቃ እናት ጥግ ይዛ እንድታለቅስ እንዴት ፈረድሽባት? እኛ ሰፈር ያሉ እናቶች እንግዳ ወጣት ሲያዩ ምን ይላሉ? «የማን ልጅ ነህ?» አጋቾቹ ውስጥ አንድ ጠመንጃው የከበደው ልጅ አለ፤ በሦስተኛው ቀን ትጠይቀው። ስሙን ከሰጣት አያቱን ታውቀዋለች፤ አያቱን ካወቀች ልጁ ከዚያ ወዲያ እሷ ላይ መተኮስ ይከብደዋል። አለቆቹ ይህን ካወቁ ደግሞ ልጁን ያነሱታል፣ ወይም የባሰ ያደርጉታል። ክፍሉ ውስጥ ያለው ጦርነት ይኼ ነው።

በሕይወት መኖራቸው የሚረጋገጥበትም መንገድ እሷ ናት። በዚያ ዘመን ምስልም ድምፅም ይፈበረካል፤ የማይፈበረከው የቤት ጥያቄ ነው። አባ መብረቅ «የተጣላን ዕለት ከየትኛው ቡና ላይ ተነሳሽ?» ብሎ ይላክ። እውነተኛው መልስ ቶና ነው እንበል። እሷ አውቃ «በረካውን ጠጥቼ ነው የተነሳሁት» ብላ ብትመልስ፣ አጋቾቹ የአሮጊት ወሬ ይመስላቸዋል፤ ልጇ ግን የምትናገረው አፈሙዝ ተደቅኖባት እንደሆነ ይገባዋል። ወይስ እውነት ረስታው ነው? አርጅታለች እኮ። ይህን ጥርጣሬ አትፍቺለት።

ስለ ሚስቱ ባጭሩ። ከአጋቹ ጋር በፍቅር መውደቋን ሰርዢው፤ ታጋች አጋቹን ይወዳል ለሚባለው ነገር «ስቶክሆልም» የሚል ስም ስለወጣለት ብቻ የገባ ይመስላል። በ1973 ስቶክሆልም ባንክ ውስጥ አራት ታጋቾች ስድስት ቀን ሲያዙ፣ አንዷ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ በስልክ የነገረችው ከዘራፊዎቹ ይልቅ ፖሊስ ገብቶ እንዳያስጨርሳቸው እንደምትፈራ ነው። ይህ ፍቅር ሳይሆን ሒሳብ ነው። ሚስትየዋም ከአጋቾቹ ይልቅ የምትፈራው የባሏን መርከቦች ይሁን፤ ባሏን ታውቀዋለቻ።

ምክትሉ አንድ ቦታ «በእኛ ሥራ ቤተሰብ አይነካም» ይላል፤ ደራሲዋም ያመነችው መሰለኝ። ወንጀለኞች ይህን ማለት ይወዳሉ። በ1993 መጨረሻ ሲሲሊ ውስጥ ጁሴፔ ዲ ማቴዎ የሚባል የ12 ዓመት ልጅ ታገተ። አባቱ የማፊያ ሰው ነበር፤ ተይዞ በጓደኞቹ ላይ መመስከር ጀምሯል። አጋቾቹ የፖሊስ ልብስ ለብሰው «ወደ አባትህ እንወስድሃለን» አሉት። 779 ቀን ከቦታ ቦታ እያዛወሩ ያዙት፤ ጥር 1996 ላይ አንቀው ገደሉት። ይህን የምነግርሽ ልጆቹን እንድትገድዪ አይደለም፤ እኔም አንብቤ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምክትሉ ያንን ሲናገር ክፍሉ ውስጥ ያለ አንድ ሽማግሌ ወንጀለኛ ዓይኑን ወደ መሬት ይጣል፤ ለዚያ ብቻ ይበቃኛል።

ተኩሱ ላይ ሁለት እርማት። ጥይት የበሳው ቀዳዳ ጠባቂውን መጥጦ አያወጣም። በ2018 ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ጋር በተያያዘችው ሶዩዝ መንኮራኩር ላይ 2 ሚሊሜትር ያህል ቀዳዳ ተገኝቶ ነበር፤ አየሩ ቀስ እያለ ቀነሰ፣ ሠራተኞቹ ፈልገው አገኙት፣ በፕላስተርና በሙጫ ደፈኑት። ለታሪክሽ ቀስታው ይሻላል፦ ፉጨት የሚሰማ ግን የት እንደሆነ የማይታወቅ፣ አጋቹም ታጋቹም አብረው በእጃቸው ግድግዳ የሚዳስሱበት።

አየሩ ራሱ ደግሞ ገንዘብ ነው። አንድ ሰው በቀን 0.84 ኪሎ ግራም ያህል ኦክስጅን ይፈልጋል፣ ወደ 1 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ኦክስጅኑ ከማለቁ በፊት የሚገድለው ያወጡት ነው፦ መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ ማለክለክ፣ ከዚያ መፍዘዝ። በ1970 አፖሎ 13 በተባለችው መንኮራኩር ላይ ሦስት ሰዎች ለሁለት ሰው በተሠራች ክፍል ሲጠለሉ ያስጨነቃቸው አንዱ ነገር ይህ ነበር፤ የሌላውን ክፍል ማጣሪያ በፕላስቲክና በፕላስተር አገጣጥመው ነው የተረፉት። አራት መያዣ ማለት በቀን 4 ኪሎ የሚጣራ መርዝ ነው፤ የአጋቾቹ ማጣሪያ ስንት ቀን ይችላል? እናትየዋ ይህን ቆጥራ ብትደርስበት፣ የአጋቾቹን እውነተኛ ቀነ ገደብ ከልጇ ቀድማ ታውቃለች። ግን እንዴት ትነግረዋለች?

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። አርባውን ገጽ አስቀምጪው፤ አትቅደጂው፣ ከተኩሱ ውስጥ የሚተርፍ ሁለት ሦስት ገጽ አለ። አባ መብረቅን ከታይታን አታንቀሳቅሺው። ምዕራፉን ለአማቹ ከሚልከው መልእክት ጀምሪ። በመጨረሻው ገጽ አለቃው፣ ስሙንም ንግዱንም ትቶ፣ «እሺ፣ ሁሉን ውሰዱ፣ ልቀቋቸው» ብሎ ይላክ። ልክ በዚያች ደቂቃ ጋኒሜድ ላይ አማቹ፣ እሺታውን ሳይሰማ፣ በራሱ ፍርድ ሌላ ነገር ያድርግ። ምን እንዳደረገ እኔ አልነግርሽም፤ አንቺ ታውቂያለሽ። ሁለቱ መልእክቶች መንገድ ላይ ይተላለፋሉ።

ያንን 50 ደቂቃ ብቻ ጽፈሽ ላኪልኝ። አሥር ገጽ ቢሆን አይበዛም።